ትምባሆና የሳንባ ሕመም በዋግ ደጋ

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ሆና ብዙ ዘመን የኖረች ከተማ ናት። ከዚያው የሹመት ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ሆነው ዘውዳቸውን አጡ። ይህን የምናነሣው የዙፋንን ክርክር ለመተረክ አይደለም። ድል አድራጊው በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ከነገሡ በኋላ ያወጡት አንድ ትእዛዝ፥ ዛሬ ስለ ሳንባ ሕሙማን ለምናስበው ነገር ትምህርት ስለሚሆነን ነው።

ትእዛዙ ትምባሆን የሚከለክል ነበር። የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች እንደ ጻፉት፥ ሲያጨስ የተገኘ ሰው ከንፈሩ፥ ሱረት ሲስብ የተገኘም አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። የክልከላው መሠረት ሃይማኖት ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ ትነቅፍ ነበርና። ትምባሆ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ያን ጊዜ የትም አገር ያሉ ሐኪሞች ጠንቅቀው አያውቁም ነበር። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው በመጋቢት 1874 ዓ.ም.፥ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ዶልና ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሲጃራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዘውን ጥናታቸውን ያሳተሙትም በመስከረም 1943 ዓ.ም. ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ክልከላው እየላላ ሄደ። በ1930ዎቹ ዓመታት መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ከሲጃራ ገቢ ይሰበስብ ጀመር። አስቀድሞ ከንፈር ያስቆርጥ የነበረው ዙፋን ቀረጥ ተቀባይ ሆነ ማለት ነው። በፍርሃት ብቻ የቆመ ክልከላ አስፈሪው ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ክልከላ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስንና የትምባሆ ማስታወቂያን ከለከለ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፥ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂዎች 5 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ይህ አነስተኛ ቁጥር ግን ሊያዘናጋን አይገባም። በደጋው ቤት መስኮት በሌለው ጓዳ እንጨትና ኩበት የምታነድ እናት፥ ሲጃራ በእጅዋ ሳትነካ ሳንባዋ በጭስ ይጎዳልና። ከምድጃው ጭስ ላይ የትምባሆ ጭስ ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ለያዘው ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ትምባሆን መተው ነው፤ ሁለተኛው የታዘዘለትን ሕክምና አለማቋረጥ ነው። ሁለቱም የሚፈርሱት በአንድ መንገድ ነው። አስም ያለበት ሰው ትንፋሹ ቀለል ሲለው በየቀኑ የሚስበውን መድኃኒት ይተወዋል። የነቀርሳው ሕመምተኛ 6 ወር መዋጥ ሲገባው፥ በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቆም የዳነ ይመስለዋል። የቀረው ተሐዋሲ ግን እንደገና ይነሣል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ያጨስ የነበረውም ደረቱ ሲሻለው ወደ ሲጃራው ይመለሳል።

በዋግ ኽምራ በዚህ ላይ የአገሩ አቀማመጥ ይጨመራል። ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ተነሥቶ ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለሚመጣ ሕመምተኛ መንገዱ ብዙ ነው፤ የእርሻና የአጨዳ ወራትም አይጠብቁትም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ባወከ ጊዜ ሕክምና ለመከታተል ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ መድኃኒት የሚያገኝበት ስፍራ ታጥቶ ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ያቋረጠውን ሁሉ ሰነፍ ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፈውሱ ወደ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሕክምና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ በተደረገው ጥናት፥ በጠባብ ቤታቸው ሆነው መድኃኒታቸውን የወሰዱ የነቀርሳ ሕሙማን በሕክምና መንደር ከተኙት ባልተናነሰ ሁኔታ መዳናቸው ታወቀ። በአገራችንም መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የማዋጥ ሥርዓት በ1984 ዓ.ም. ገደማ በአርሲና በባሌ ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም የጤና ሠራተኛዋን ወደ ቀበሌው አወረዳት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይሁን እንጂ በሽታውን እንዳይደብቅ የምንፈልገው ሰው ገልጦ ቢናገር እንደማያፍርበት ማወቅ አለበት። ስለዚህ ባለሥልጣኑ መድኃኒቱ በቀበሌው ሳይቋረጥ እንዲገኝ ያድርግ፤ መምህሩ የጭስን ጉዳት በአማርኛም በኽምጣናም ያስረዳ፤ ተማሪውም ወደ ቤቱ ሲመለስ የአባቱን ሲጃራና የእናቱን ጓዳ ይመልከት። ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር ከጤና ጣቢያው ሲቀር፥ ለምን እንደ ቀረ በሩ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው እንዳይታጣ ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው።