የቲቸር ዊልቸር

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝማ። የምተርክላችሁ የአንዲት ሽሮ ሜዳ የምትኖር መምህርት ታሪክ ነው። ስሟን አልጠራም። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ይላታልና እኔም ቲቸር እላታለሁ። ቤቷ ከገበያው ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ስንቱን የሰፈር ልጅ ሀ ሁ ያስቆጠረች ሴት ናት፤ ዛሬም ታስተምራለች።

በሽታው ከጣቶቿ ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ ጠመኔ መጨበጥ ያቅታታል፤ እጇ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብርድ ነው ተባለ፣ ሪህ ነው ተባለ፣ ወጌሻ አሻት፣ ጠበል ገባች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑ ታወቀ። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበረታል፤ በመድኃኒት ይገታል እንጂ ጨርሶ አይነቀልም። በየሳምንቱ ሜቶትሬክሴት ትውጣለች። መድኃኒቱ ብዙ ረድቷታል፤ ጉልበቷና ቀኝ ዳሌዋ ግን ቀድመው ተጎድተው ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህ በሽታ ቀን ይመርጣል። ዛሬ ቡና አፍልታ ጎረቤት የጠራች ሴት ነገ ከአልጋ ለመውረድ ሰው ደግፏት ነው። የቲቸር ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የያዘችው አባቷ ትተውላት የሄዱትን የወይራ ከዘራ ነው። አባቷ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ከዘራው ትከሻዋን ሽቅብ እየገፋ አንገቷን አሳመማት። ደግሞም የምትይዘው በሚያማት በቀኝ በኩል ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የሚመስለን። ታዲያ አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቱ ኮሪደር ላይ አያትና አስቆማት።

«የሚያምዎት በየትኛው በኩል ነው?»

«በቀኙ።»

«እንግዲያው ከዘራውን በግራ እጅዎ ይያዙት። ቀኝ እግርዎ ሲራመድ ከዘራውም አብሮ ይራመድ።»

ግራ ገባት። ግን አደረገችው፤ ዳሌዋ ላይ የነበረው ጫና ሲቀል እዚያው ታወቃት። ሰውየው በዚህ አላበቃም። ጫማዋን እንዳደረገች ቀጥ ብላ እንድትቆም፣ እጇንም ዘና አድርጋ እንድትለቀው ነገራት፤ ከወለሉ እስከ እጅ አንጓዋ እጥፋት ድረስ በሜትር ለካ። የከዘራው መያዣ መድረስ ያለበት እዚያ ነው፤ ክርን ትንሽ እጥፍ ይላል፣ ትከሻ አይነሳም። የሰፈሩ አናጢ ትርፉን በመጋዝ ቆረጠው፣ ጫፉ ላይ ጎማ ገጠመለት። መያዣውን ደግሞ ጣቶቿ ጠበቅ አድርገው መጨበጥ ስለማይችሉ በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችው። ሲደመር ሲባዛ የአንድ ምሳ ዋጋ አልወጣበትም። እንዲህ ያለ ትንሽ እርማት ሳያገኙ በማይሆን ከዘራ ወገባቸውን እያጎበጡ የሚኖሩ አዛውንቶችን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ሕመሙ ሲብስ ክራንች ተዋሰች። ክራንችን ብብት ሥር ወትፎ መንጠልጠል እጅን ያደነዝዛል፤ በብብት በኩል የሚያልፉትን ነርቮች ይጫናል። ክብደቱን መሸከም ያለበት መዳፍ ነው። የቲቸር መዳፍ ደግሞ ዋናው ሕመምተኛ ነው። ክንድን አሳርፈው የሚይዙት ዓይነትም አለ፤ መጨበጥ ለማይችል ሰው የተሠራ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ባሉት የሕክምና ዕቃ ሱቆች ብትጠይቅ አላገኘችም።

ከዚያ የዊልቸሩ ጉዳይ መጣ። ቲቸር ዊልቸር የፈለገችው ለአንድ ነገር ነው፤ ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ። ቤት ውስጥ በከዘራዋ ትንቀሳቀሳለች። መንገዱን በእግሯ ከሄደች ግን ክፍል ስትገባ ጉልበቷ አልቆ ነው፤ ለተማሪዎቿ የሚተርፍ ነገር የለም። «እግር አለኝ፤ ያጣሁት አቅም ነው» ትል ነበር። ይህን ስንቱ ይረዳታል? ባልደረቦቿና የተማሪ ወላጆች ነገሩን ሰምተው ወረቀት አዞሩ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ሊያስደስቷት ብለው ሳይነግሯት ገዙላት። በጭብጨባ አስረከቧት። አለቀሰች፤ የምስጋና ለቅሶ ነበር፤ የሰዎቹ ደግነት እውነተኛ ነውና።

ወንበሩ ግን ሆስፒታል በር ላይ ሕመምተኛ የሚገፋበት ዓይነት ነው። የመቀመጫው ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ። ቲቸር ቀጭን ሴት ናት፤ ወንበሩ ውስጥ ወደ ጎን ትዘማለች። ጎማዎቹን ለመዳሰስ ክንዷን መዘርጋት አለባት። የመጸዳጃ ቤቱ የቆርቆሮ በር አያስገባውም። ከሁሉ የከፋው የፊት ጎማው ነበር። ትንሽና ቀጭን ስለሆነ በኮብልስቶኑ ድንጋዮች መካከል ይሰነቀራል። አንድ ቀን የሚገፋት ልጅ ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ሲሰነቀርበት ወንበሩ ወደ ፊት ወረወራት፤ ሁለት መዳፏ ተላጠ። ትራስ አልነበረውምና መቀመጫዋም መቁሰል ጀመረ። ወንበሩ ጥግ ያዘ፤ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

ወሬው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። «ሰው ለፍቶ ገዝቶላት አልቀመጥም አለች።» «ኧረ እኔ ገበያ ቆማ አይቻታለሁ፤ መራመድ ትችላለች።» የተሰጠ ዕቃ የማይሆን መሆኑን መናገር እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራል። ዝም አለች፤ ዝምታውም ከሕመሙ እኩል አከሳት።

በኋላ ወደ አንድ የተሐድሶ ማዕከል ሄደች። እዚያ ወንበር ከማሳየታቸው በፊት ጥያቄ አቀረቡላት። በር ስፋቱ ስንት ነው? መንገዱ አስፋልት ነው ድንጋይ? ማን ይገፋሻል? በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ? ደህና ቀንሽና ክፉ ቀንሽ ምን ይመስላል? ከዚያ ዳሌዋን ለኩ፤ የመቀመጫው ስፋት ከዚያ ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው። ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ ቋንጃ ለኩ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ ጠርዙ ቋንጃን እንዳይጫን። የእግር ማሳረፊያው ከፍታ ተስተካከለ። የፊት ጎማው ትልቅና ሰፊ፣ ትራሱም ቁስል የሚከላከል ሆነ።

ክፍያውስ? እቁብ ውስጥ ነበረች። ለእቁቡ ሰብሳቢ ጉዳዩን አስረድታ ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጣት ለመነች፤ አባላቱ አንድም ሰው ሳይቃወም ፈቀዱ። የጎደለውን ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሟ ሞላ። በስልክ ሲያወሩ እዚያም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ነገራት። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች መድን ከዓመታዊው ተቀናሽ በኋላ ከጸደቀው ዋጋ 80 በመቶ ይከፍላል፤ ነገር ግን ዊልቸሩ ቤት ውስጥ የሚያስፈልግ መሆን አለበት። ቤቱ ውስጥ መራመድ የሚችል፣ ገበያ መድረስ ግን የማይችል ሰው ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ቲቸር አሜሪካ ብትሆንም ያው ነበረች ማለት ነው።

የእኛን አገር ሕግ ደግሞ እዩት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 20 መንቀሳቀሻ መሣሪያ ጥራት ኖሮት ሰው ሊከፍለው በሚችል ዋጋ እንዲገኝ ይላል። የሕንፃ አዋጁም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያስገድዳል። ሕጉ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያስፈልጋቸውን አጋዥ መሣሪያ ያገኙት ሰዎች 3 በመቶ ብቻ ናቸው። በሕጉና በዚህ ቁጥር መካከል ያለውን ገደል ዛሬ የሚሞላው እቁብና የወንድም ኪስ ነው። ይህ ልክ አይደለም፤ መንግሥት ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው።

ቲቸር ወንበሯን ይዛ ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ጠየቀች፤ መወጣጫ። የክፍሏ ደረጃ ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንበኛው አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል አለ። እሷ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳ ላይ ሠራችለት፤ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፤ ሲባዛ 3 ሜትር ከ60። ተማሪዎቿ አብረው አባዙ። ግንበኛው በተባለው ልክ ገነባው። አሁን ጠዋት በዊልቸር ትመጣለች፤ ክፍል ስትገባ በከዘራዋ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ ሲደክማት ትቀመጣለች። የተማሪ ወላጅ መጥቶ «ታዲያ መቆም ከቻልሽ ዊልቸሩ ለምን?» ሲላት «እንድቆም ነዋ» ትለዋለች።

እናንተም ለታመመ ዘመድ ወይም ባልደረባ ወረቀት ከማዞራችሁ በፊት መጀመሪያ ባለጉዳዩን ጠይቁት፤ በሩን፣ መንገዱን፣ ክፉ ቀኑን። ከተቻለ ፊዚዮቴራፒስት ይለካው። የተሰበሰበውን ገንዘብም እንዳለ ወንበር ላይ አትጨርሱት፤ ለትራሱ፣ ለኩሽኔታውና ለጎሚስታው አስተርፉ።