አንድ ሰው፣ አምስት መሣሪያ፤ የ1985 የስደት ካሴት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በአዋጅና በጦር ሜዳ ውሎ ብቻ አይጻፍም። ሕዝብ ያዜመው፣ ያዳመጠው፣ አገሩን ለቅቆ ሲወጣም በጆሮው ይዞት የወጣው ዜማ ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ ነው። እኛ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንገኝ የማኅበሩ አባላት በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው እንዲህ ያለውን አንድ ሰነድ ነው፤ ይኸውም ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን የቀዳው «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው በአንድ የቅዳሜ ስብሰባችን ላይ የተነሣ ክርክር ነው። ካሴቱ በተሰማ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ወገን፣ ይህ ሥራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በአገራችን ሙዚቃ ላይ ያደረሰው ጉዳት ምልክት ነው፤ ከበሮ መቺውን በማሽን፣ ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን በቁልፍ የተካ የፈረንጅ ፋሽን ነው አለ። ሌላው ወገን ደግሞ አዲስ መሣሪያን መፍራት ኋላ ቀርነት መሆኑን በመጥቀስ ተከራከረ። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ስለ መሣሪያው ነበር። በእኛ አስተያየት ግን መቅደም የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሰው ስለ ምን ብቻውን ተጫወተ?

በዚያን ዘመን ብቻውን በመሣሪያ ተከብቦ መጫወት በዓለም ላይ አዲስ ነገር እንዳልነበረ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ዘፋኝና የዜማ ደራሲ ሃዋርድ ጆንስ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ታጅቦ ያወጣው «ሂዩማንስ ሊብ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙ በ1984 በብሪታንያ የአልበም ሠንጠረዥ የአንደኛነቱን ስፍራ ይዞ ነበር። ለዚህ ያበቃው የመሣሪያዎቹ ዕድገት ነው። ሮበርት ሙግ በ1960ዎቹ የሠራቸው ሲንተሳይዘሮች ውድና ግዙፍ ሲሆኑ፣ በ1970 የወጣው አነስተኛው ሙግ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። በ1967 ግን ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ በፍጥነት በማርገብገብ ደወል የመሰለ፣ ናስ የመሰለ ድምፅ መፍጠር እንደሚቻል ደረሰበት። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ይህን ዘዴ ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው አሥራ ስድስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ አንድ ሰውም በክንዱ ይሸከመዋል። ከዚህ ወዲያ ሙሉ ባንድ የሚያወጣውን ድምፅ አንድ ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሊያወጣ ቻለ።

ለእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ እንግዲህ ብቻ መሆን ምርጫ ነበር። ባንድ ማቋቋም ቢያሻው በየሰፈሩ ከበሮ መቺና ጊታር ተጫዋች አያጣም። የዋሽንግተኑን ኢትዮጵያዊ ብቸኝነት ለመረዳት ግን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግድ ይሆናል።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ በራሱ ተማረ። አኮርዲዮን በዚያ ዘመን በአገራችን ዘፈን ውስጥ ትልቅ ስፍራ የነበረው መሣሪያ ነው፤ በኋላ ኦርጋንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ሲገቡ ቀስ በቀስ ከመድረክ ተገፋ። ኃይሉም ከጊዜው ጋር ወደ ኦርጋን ተሸጋገረና በ1970ዎቹ ከዋልያስ ባንድ ዋነኞች አንዱ ሆነ። ዋልያስ በታሪካችን የተለየ ስፍራ ያለው ባንድ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ባንዶች አብዛኞቹ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ንብረት ሲሆኑ፣ የሆቴል ባንዶችም መሣሪያቸው የሆቴሉ ነበር። ዋልያስ ግን በራሱ መሣሪያ የቆመ የሙዚቀኞች ኅብረት ነበር። በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለ ያለ ድምፃዊ የተሠራ ሸክላ፣ በውስጡም የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት»፣ የዚህ ኅብረት ፍሬ ነው።

ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ከተማይቱ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። በዚያን ዘመን ለመዝናናት የወጣ ሰው እኩለ ሌሊት ከመድረሱ በፊት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያለዚያም በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ሙዚቀኛውም አብሮት እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭ የተኩስ ድምፅ፣ ውስጥ የሳክስፎን ድምፅ የሚሰማበት ያ ሌሊት የሙዚቀኞችን ጽናት አሳየ፤ ይሁን እንጂ ባንዶቹ የቆሙበትን መሬት ከሥራቸው ሸረሸረ። የሸክላ ሕትመት እየተመናመነ ካሴት ተተካ። የአምሐ ሪከርድስ መሥራች አምሐ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጣ። ሌሎችም ተከተሉ።

በ1981 ዋልያስ ከመሐሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ አብዛኛው ስደተኛ በሆነ ኢትዮጵያዊ ፊት ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላና ከበሮ መቺው ተማረ ሐረጉ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ በአሜሪካ ቀሩ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር አንባቢ በጥሞና እንዲያያት እንለምናለን። የክርክራችን መልስ ያለው በእርሷ ውስጥ ነውና። ከበሮ መቺው አዲስ አበባ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ዋሽንግተን! በ1985ቱ ካሴት ላይ የምንሰማው ድራም ማሽን ከመንበሩ ያፈናቀለው ከበሮ መቺ አልነበረም፤ ባዶ ሆኖ ያገኘውን መንበር ያዘ እንጂ።

በአሜሪካ የቀሩት ዙላ ባንድ በሚል ስም አብረው መጫወታቸውን ለጥቂት ጊዜ ቀጠሉ። ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጠና። በኋላም አንድ ያገለገለ አኮርዲዮን አገኘና፣ በልጅነቱ የሚያውቀውን ድምፅ ዳግመኛ ለመስማት ተመኘ። ወደ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶም አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ዲኤክስ 7ቱንና ድራም ማሽኑን አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበ ብቻውን ቀዳ። ከዚያ ቀደም ከዋልያስና ከዳህላክ ባንድ ጋር በስሙ የወጡ ሥራዎች ቢኖሩትም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ እጁ የሠራው የመጀመሪያው ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ርእሱ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ሲሆን፣ «ክላሲካል» የተባለው አኮርዲዮኑ ነው። ከአምስቱ መሣሪያዎች መካከል ለአርእስት የመረጠው እጅግ አሮጌውን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሥራውን በጥሞና ያዳመጠ ሰው የሚረዳው ይህንኑ ነው። ድራም ማሽኑ ሳይደክምና ሳይፈጥን አንድ ዓይነት ምት ይደጋግማል፤ ሙጉ እንደ ዋሽንት ቀጭን ድምፅ እያወጣ ይንቀሳቀሳል፤ አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል። «አምባሰል» ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን የአንዱን ስም የያዘ ነው። «ሽለላ» ደግሞ በጥንት ዘመን ጀግና በሰው መካከል ቆሞ የሚፎክርበት ነው። ፎካሪ አጃቢ ያሻዋል፤ «በለው!» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እዚህ ግን የሚመልስለት ማሽን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሽለላው ሽለላ መሆኑን አልተወም።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረም ማስረጃ አለ። በ1984 በዚያው በዋሽንግተን አካባቢ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ ያሉበት አድማስ የተባለ ቡድን «የኢትዮጵያ ልጆች» በሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ርእስ በሲንተሳይዘር የተሞላ ሸክላ አሳትሟል። ስደቱ አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ናፍቆቱም አንድ ነበር።

ይህን ስንል ግን የመጀመሪያውን ወገን ክርክር ጨርሶ ማጣጣላችን አይደለም። ማሽኑ ዋጋ አስከፍሎናል። በተከታዮቹ ዓመታት በስደትም በአገር ቤትም አንድ ኪቦርድ ተጫዋች የስምንት ሰው እንጀራ ወሰደ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች ኅብረ ዜማ ከብዙ ካሴቶች ላይ ጠፋ፤ ምቱም ከዘፈን ዘፈን አንድ ዓይነት ሆነ። ሆኖም ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ብቻ የሚጥል ሰው ውጤቱን ከምክንያቱ ያደባልቃል። ባንዶቹን የበተኑት በቅድሚያ ሰዓት እላፊው፣ ፍርሃቱና ስደቱ ናቸው። ማሽኑ የደረሰው ከመበተናቸው በኋላ ነው። በደካማ እጅ የድኅነት መሸፈኛ ሆነ፤ በኃይሉ እጅ ግን የጎደለውን ሳይሸፍን፣ ጉድለቱ ራሱ እንዲሰማ አደረገ።

የካሴቱ የኋላ ታሪክም ለእኛ ትምህርት አለው። ኃይሉ ከመድረክ ርቆ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራውን እየጠበቀ ትንሽ ኪቦርዱን አውጥቶ በመኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ በባሕር ዳር ከተማ ያንን ካሴት አገኘው፤ ባለቤቱንም አፈላልጎ በ2013 ዳግመኛ አሳተመው። ኃይሉም እንደገና በዓለም መድረኮች ላይ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ካሴት በአንድ ከተማ ሳትጣል በመቆየቷ ነው። እርሷ ተጥላ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ስለዚህ ሥራ እናውቅ ነበር?

ይህንን ጥያቄ ወደ ራሳችን መመለስ ይገባናል። እዚህ በኮሎምበስ በየቤታችን ምድር ቤትና በየቁም ሣጥኑ፣ ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን ከሱዳን፣ ከዋሽንግተንና ከአዲስ አበባ ይዘዋቸው የመጡ ካሴቶች አሉ። በላያቸው የተጻፈው ቀለም እየደበዘዘ፣ ክሩም እየተጣበቀ ነው። በሠርግና በበዓል የተቀዱ፣ የተጫዋቾቻቸው ስም የትም ያልተጻፈ አሉባቸው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሁሉ ካሴቶቻቸውን እንዲያመጡ፣ የዘፈነውን፣ ያጀበውን፣ የተቀዳበትን ከተማና ዓመት ከሚያውቁ አረጋውያን ጠይቀው እንዲጽፉ፣ ክሩ ሳይበጠስም ቅጂ እንዲወሰድ አደራ እንላለን። የሚቀጥለው የቅዳሜ ስብሰባችን በዚሁ ሥራ ይጀመራል፤ ከክርክሩ በፊት እርሳስና ወረቀት ይዘን እንምጣ።