ከካምፕ እስከ ካምፓስ፦ ካርቱምና የስደተኛ ተማሪ ሦስቱ በሮች

12ኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ አለች። የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ትመጣለች፦ «ቲቸር፣ ከዚህ በኋላስ ምን አለ?» እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄ፣ «እናንተ ብቻ አንብቡ፣ ሌላውን እግዜር ያውቃል» ብዬ አልፌያለሁ። የጠየቀኝ ልጅ ፈተናውን ሳይቀመጥ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ፤ አልተመለሰም። በኋላ ሳስበው መልሴ አሳፈረኝ። ከኛ በፊት የተሰደዱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የገቡበት መንገድ ነበረ፤ የዚያ መንገድ ትልቁ ክፍል ደግሞ የሚያልፈው እዚሁ ሱዳን ውስጥ፣ በካርቱም በኩል ነው። ያንን ታሪክ ለልጁ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኩያ ጎረቤታሞች

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻው በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1902 በዓባይ ዳር የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ሥራው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊና ለትምህርት ቤት አስተማሪ ማውጣት ነበር። በ1924 የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1951 ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኑ፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በኛ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1950 ነው። እንግዲህ ሁለቱ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ስለ ምግብና ስለ ማደሪያ አያስብም ነበር፤ መንግሥት ነበር የሚያኖረው። ኢትዮጵያም ብትሆን ከራሷ ልጆች አልፋ ለሌላው ትሰጥ ነበር። በ1958 ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ለአፍሪካ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው በሉ፣ አብረው ተማሩ። በኋላ የኢትዮጵያን የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የነዚህ እንግዶች መምጣት የኢትዮጵያውያኑን ተማሪዎች አስተሳሰብ እንደቀየረ ይናገራሉ።

አዲስ አበባ ሌላም ነገር አድርጋለች። በጥቅምት 1967 ስለ አፍሪካ ስደተኞች የሕግ፣ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ትልቅ ስብሰባ የተካሄደው እዚያ ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ውስጥ ለስደተኞች ሥራና ትምህርት የሚፈልግ ቢሮ ተቋቋመ። በ1969 ደግሞ የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት እዚያው አዲስ አበባ ተፈረመ። ያኔ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ይህን ሁሉ ለሌላ አገር ልጆች የሚሠራ ሳይመስለው አይቀርም።

አስተናጋጁ ሲሰደድ

አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። የ1974ቱ አብዮት መጣ፤ ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ቀጥሎ የ1977 እና የ1978 ቀይ ሽብር ሆነ። ከኤርትራ በ1960ዎቹ የጀመረው ስደት ላይ የጎንደሩ፣ የትግራዩና የአዲስ አበባው ተጨመረ። በ1984 እና 85 ረሃቡ ሲመጣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻገረ። ኡም ራኩባን የመሰሉ ስሞች ያን ጊዜ ነው የታወቁት። ገዳሪፍና ከሰላ ካምፖቹን ያዙ፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ ዴይምን የመሳሰሉ ሰፈሮች የሐበሻ መኖሪያ ሆኑ።

ከተሰደደው መሀል ማትሪክ ያለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያቋረጠ፣ የመምህርነት ዲፕሎማ የያዘ ብዙ ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ካርቱም ሲደርስ ሦስት በር ተዘግቶ ነው የጠበቀው፦ የወረቀት፣ የቋንቋና የኑሮ።

የመጀመሪያው በር፦ ወረቀት

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? ስደተኛ ተማሪም ማደሪያ ሳይኖረው ሰርተፊኬቱን ይዞ ይዞራል። ይዞ መውጣት የቻለ ዕድለኛ ነው። ያልቻለው ግን የት ይጠይቅ? የሸሸውን መንግሥት ኤምባሲ «ማስረጃዬን አረጋግጥልኝ» ብሎ ማንኳኳት ለብዙዎች የማይታሰብ ነው።

ይህ ችግር ገና ድሮ ታውቋል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛው ከአገሬው እኩል ይታይ። ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ባለው ትምህርት ደግሞ ቢያንስ ከሌላው የውጭ አገር ሰው ባላነሰ ሁኔታ፣ በተቻለ መጠንም በተሻለ ይስተናገድ። ይህም በትምህርት ዕድል፣ በውጭ አገር ሰርተፊኬት መታወቅ፣ በክፍያ መቀነስና በስኮላርሺፕ አሰጣጥ ነው። ሱዳን ይህን ስምምነት በ1974 ተቀብላለች። ስለዚህ ተማሪ ሬጅስትራር ቢሮ ቆሞ ማስረጃው እንዲታይለት ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስም ያለው መብት ነው፤ ራሱን እንደ ለማኝ አይቁጠር።

በቅርብ ዓመታትም ሥራው ቀጥሏል። በ2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እውቅና ስምምነት በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ ወረቀቱ የጎደለበትን ስደተኛ በቃለ መጠይቅና ባለው ሰነድ መዝኖ የሚሰጠውን «የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት» ዛምቢያ ውስጥ መሞከር ጀመረ።

ሁለተኛው በር፦ ቋንቋ

እስከ 1990 ገደማ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ይህ ለኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ወረቀቱና ገንዘቡ ከተገኘለት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መከታተል ይችል ነበር።

በ1989 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ግን የከፍተኛ ትምህርት ለውጥ ብሎ ሁለት ነገር አደረገ። የማስተማሪያ ቋንቋው ዓረብኛ እንዲሆን ወሰነ፤ ለተማሪው ይሰጥ የነበረውን ነፃ ማደሪያና ቀለብም አስቀረ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክፍለ ሀገሩ ተከፈቱ፣ የተማሪውም ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። ለስደተኛው ግን በሩ ጠበበ። የገበያ ዓረብኛ የሚችል ሁሉ የሕግ ወይም የሕክምና መጽሐፍ በዓረብኛ አንብቦ አይፈተንም።

የቀሩት በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ኦምዱርማን ያለው የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ሼክ ባቢከር በድሪ በ1907 ሩፋዓ ከተማ ውስጥ ለሴት ልጆች ከከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ኮሌጅ የሆነው በ1966 በልጃቸው በዩሱፍ በድሪ እጅ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1995 ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ፦ ከአንድ አባት ቆራጥነት የተነሣ ትምህርት ቤት ነው እዚያ የደረሰው።

ሦስተኛው በር፦ ኑሮ

ነፃው ቀለብ ከቀረ በኋላ ለሱዳናዊው ተማሪ የተማሪዎች ድጋፍ ብሔራዊ ፈንድ ተቋቋመ። ተማሪዎች በአጭሩ «ሱንዱቅ» ይሉታል፤ «ዳኽሊያ» የሚባሉትን ዶርሞች የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስደተኛው ግን ሌላ ችግርም ነበረበት። በ1974ቱ የሱዳን የጥገኝነት ሕግ መሠረት ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም ነበር። ሱዳን የ1951ዱን ስምምነት ስትቀበልም ስለ መዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን አንቀጽ 26 አልተቀበለችውም። ስለዚህ ከካምፕ ካርቱም ለመማር የሚሄድ ልጅ ከክፍያው በፊት የመንገድ ፈቃድ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው የስኮላርሺፕ ታሪክ የሚገባው። በ1977 ናይሮቢ ውስጥ ሂው ፒልኪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር ስደተኛ ተማሪዎችን መርዳት ጀመረ። የሚገርመው፣ ሰውየው የግዕዝ ሰው ነበር፤ በኦክስፎርድ ያጠናው መጽሐፈ ምሳሌን በግዕዝ ነው። እሱ የጀመረው ሥራ በኋላ ዊንድል ትረስት ተብሎ ሱዳንን ጨምሮ በአካባቢው አገሮች ተስፋፋ። በ1978 ደግሞ የካናዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየኪሳቸው ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ስደተኛ ተማሪ ወደ ካምፓሳቸው የሚያስመጡበት ፕሮግራም ተጀመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄ ነው።

ትልቁ በ1992 መጣ። የጀርመን መንግሥት ገንዘቡን ሰጥቶ ዩኤንኤችሲአር የሚያካሂደው ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ ነው። የተሰየመው በአልበርት አይንስታይን ነው፤ እሱም ራሱ ስደተኛ ነበርና። ዳፊ ከሌላው የሚለየው ክፍያ ብቻ ከፍሎ ዘወር አለማለቱ ነው። ለመጽሐፍ፣ ለትራንስፖርትና ለቀለብም ያስባል፤ ተማሪው የሚማረውም በተሰደደበት አገር ነው። ሱዳን ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። በዓለም ላይ ከ20 ሺህ በላይ ወጣቶች በዚህ በር ገብተዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ስደተኛ ቁጥር ለብዙ ዓመታት ከመቶ አንድ ገደማ ነበር። በ2024 በወጣው የዩኤንኤችሲአር ሪፖርት 7 ከመቶ ደርሷል፤ ግቡ በ2030 ላይ 15 ከመቶ ማድረስ ነው። ያም ሆኖ ያኔ ከመቶው ዘጠና ሦስቱ ውጭ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ዕድሉ ጠባብ መሆኑን አውቆ መዘጋጀት ስለሚሻል ነው።

ካርቱም ራሷ ስትሰደድ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ ተማሪዎች ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበሩ። መውጫ አጡ። በጥይት የተገደለ አንድ ተማሪ አስከሬኑን ማውጣት ስላልተቻለ እዚያው ግቢው ውስጥ ተቀበረ። በግንቦት ወር የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ከዚያ የካርቱም ተማሪዎች ራሳቸው መንገድ ጀመሩ። አንዳንዶቹ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ገብተው አማራ ክልል ውስጥ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ትናንት እኛን «ሰርተፊኬትህ የታለ?» ይል በነበረው ከተማ ያደገ ልጅ፣ አሁን የራሱ ትራንስክሪፕት የተቃጠለ ቢሮ ውስጥ ቀርቶበት እኛ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቃል።

ከታሪኩ እኔ የተማርኩት ይህን ነው። በ1967 አዲስ አበባ ላይ ለሌላው የታሰበው ሥራ ለራሳችን ልጆች ደረሰ። ለኛ የተከፈተውም በር ዛሬ ለሱዳናዊው ያስፈልገዋል። ለስደተኛ ተማሪ የሚደረግ ድጋፍ እጅ በእጅ የሚዞር ብድር ነው፤ የሚሰጥና የሚቀበል አገር ተለይቶ አልተፈጠረም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተማሪዎች፣ ማስረጃችሁን አሁኑኑ በሁለት በሦስት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱን ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ቦታ ላለ የምታምኑት ሰው ላኩ። የዓረብኛና የእንግሊዝኛ ንባባችሁን 12ኛ ክፍል ሳይደርስ ጀምሩ። የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በየዓመቱ ላይወጣ ይችላል፤ ሲወጣም ብዙ ቀን አይቆይምና የትምህርት ቢሮውን በየጊዜው ጠይቁ። መምህራን፣ የያንዳንዱን ተማሪ ውጤት የምትጽፉባትን መዝገብ በደንብ ያዙ። አንድ ቀን ሌላ ወረቀት ለሌለው ልጅ ብቸኛ ማስረጃው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ከኋላ ወንበር ያ ጥያቄ ሲመጣም «እግዜር ያውቃል» ብላችሁ አትለፉ። እግዜርስ ያውቃል፤ ልጁም ማወቅ አለበት።