ሁለቱ ሂሩቶችና የይፋት ልጃገረዶች

በአማርኛ ቋንቋ የተሠራው የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ርእሱ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የሚል ነው። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ሲሆን ሥዕሉ በጥቁርና በነጭ የተነሣ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ርእሱን ብቻ ነው። አንዲት የኢትዮጵያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ስትወጣ የተጠየቀው እርሷ ማን እንደ ሆነች፣ ምን እንደምታስብ፣ ወይም እጇ ምን እንደሚሠራ አይደለም፤ የተጠየቀው አባቷ ነው። ይህም የደራሲው ጉድለት አይደለም። በዚያን ዘመን (በዚህም ዘመን ቢሆን በብዙ ቤት) ሴት ልጅ ስትታይ ቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነች ነውና ርእሱ የአገሩን ወግ የያዘ ነበረ።

ሁለተኛይቱ ሂሩት የመጣችው ከ49 ዓመት በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በአሜሪካ አገር በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም በዓል ታይቶ በሁለቱም ቦታ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚህ ፊልም ውስጥ ትዝታ ሃገሬ የተጫወተቻት የ14 ዓመት ተማሪ ስሟ ሂሩት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንዶች በፈረስ መጥተው ይጠልፏታል፤ ደብድቦና ደፍሮ ሊያገባት ያሰበውን ሰው በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ትገድለዋለች። ስለ እርሷ በፍርድ ቤት የምትቆመውን ጠበቃ የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት።

ነገሩ ተረት አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተፈጸመ እውነት ነው። ለልጅቱ የቆመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበረ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ጠበቃም የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ልጅቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙና እስከ 2015 ዓ.ም. በዚያ ወንበር ተቀመጡ። እንግዲህ ለአንዲት ተማሪ ፊልሙን ካሳዩዋት በኋላ «ይህች ጠበቃ ኋላ ምን ሆነች?» ብላ ብትጠይቅ የሚሰጣት መልስ አለ፤ ይህም በፈጠራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው።

የርእሱም ቃል ሊስተዋል ይገባዋል። «ድፍረት» በቋንቋችን ጀግንነትም ነው፤ ሴትን በግድ መድፈርም ነው። ጠላፊውም ደፈረ፤ ልጅቱም ደፈረች። አንድ ቃል ሁለቱን ተሸክሞ ሲገኝ የቋንቋው ባለቤት ካልሆነ በቀር ሊሰማው አይችልም፤ የውጭ አገር ተመልካች ያጨበጨበው ግማሹን ርእስ ብቻ ሰምቶ ነው ለማለት ይቻላል።

ከሕጉም አንፃር ልጅቱ የቆመችበት ጊዜ የሚያስገርም ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ይቀጣ ነበረ፤ ነገር ግን ጠላፊውና ተጠላፊዋ በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸሙ ክስ አይቀርብም ነበረ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ የልጅቱ ቤተ ሰብ አፍሮ ዝም ካለ ወንጀሉ ሠርግ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ይህ አንቀጽ የተነሣው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ቀደም ብሎም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጎት ነበረ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በራሱ የቤተ ሰብ ሕግ ይህንኑ ዕድሜ ወስኗል። ፊልሙን ከሕጉ ታሪክ ጋር አጣምሮ የሚያስተምር መምህር ቢገኝ የሁለት ሰዓት ሥዕል የአንድ ወር ትምህርት ይወጣዋል።

አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሕዝቡ በአዳራሹ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ነገሩ ከእውነተኛይቱ ባለታሪክ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነበረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። እንደ እኔ አስተያየት ከሆነ ይህ ክርክር ለልጃገረዶች ሊሸሸግ አይገባውም። «ይህ ሕይወት የእኔ ነው፤ ሳልጠየቅ ለምን ተነገረ?» የሚለው ጥያቄ ከፊልሙ ትምህርት ተለይቶ አይታይም።

ወደዚህ ሁሉ ነገር የመራኝ የአንዲት መምህርት ጥያቄ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ለቆ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ኮቱን የሚያወልቅባት የቆላ ከተማ ናት። ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና ትምባሆው በሚበቅልበት በዚህ አገር አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛል። መምህርቷ በዕድሜ ታላቄ ናቸውና፣ «እስቲ ወንድሜ፣ አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፤ ለሴት ልጆቼ ክበብ የሚሆን፣ ዐይተው ቀና የሚሉበት ፊልም ፈልግልኝ» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበረ።

በልጅነታችን እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበረ። ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል፣ የተደረደረ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፤ ሙቀቱ አይነገርም። የሚታየው ወይ የሕንድ ፊልም ነው፣ ወይ ድብድብ ነው። የሚገባውም ወንድ ነው። እኅቶቻችን በዚያ ሰዓት ውሃ ይቀዱ፣ ቡና ያፈሉ፣ ወይም በመኪና መናኸሪያ ማንጎ ይሸጡ ነበረ። ስለዚህ ሴቲቱ በመጋረጃው ላይ እንዴት እንደ ታየች ከመጠየቅ በፊት ሴቲቱ ከመጋረጃው ፊት ተቀምጣ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባ ነበረ። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ይነገራል፤ የእኛም እናቶች ቪዲዮ ቤቱን ስሙን ሳያወጡለት እንደዚያው ያዩት ነበረ፤ ሴት ልጃቸውንም አይልኩም ነበረ።

ከአገራችን ታላላቅ ፊልሞች ውስጥ የባላገር ልጅን የምናገኝበት የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ የተሠራው በዘውዱ መንግሥት መጨረሻ ሲሆን ለዓለም የታየው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ፊልም ከብት ጠባቂዋ ልጅ በጎርፍ ትሞታለች። የሮቢን ወንዝ በክረምት ያየ ሰው ይህን ሥዕል ለማመን አስረጂ አያስፈልገውም። ፊልሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ የምትታየው ጭቆናን ለማስረዳት ነውና፣ ከብት ስትጠብቅ ውላ ማታ ለምትማር ተማሪ ብቻውን ቢያሳዩዋት ልቧን ይሰብራል እንጂ አያበረታም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (ትርጓሜው የበግ ግልገል ማለት ነው) በ2015 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም በዓል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ዋናው ሰው ወንድ ልጅ ቢሆንም ጽዮን የተባለች ዘመዱ ከባል ይልቅ ጋዜጣ የምትወድ፣ በቤተ ሰቡ ዘንድ እንደ እንግዳ ነገር የምትታይ ልጅ ናት። ጋዜጣ የምታነብ የገጠር ልጅ! በመጋረጃ ላይ እንደ እርሷ ያለች ማየት ብርቅ ነው።

ለትንንሾቹ ግን ምርጫው አያስቸግርም። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚል የልጆች ዝግጅት በቴሌቪዥን አቀረበች። ፀሐይ ከጨርቅ የተሠራች የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ጠያቂ ናት፤ ሴት ናት። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ውድድር ተሸልሟል። ከዚያም በኋላ እኒሁ አዘጋጆች ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌላውንም ጎጂ ልማድ የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የሥዕል ፊልም ሠርተዋል።

ከውጭ አገር ሥራ ግን ለይፋት ልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው፣ አንባቢው ላይጠብቀው ይችላል፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣው ነው። ሃይፋ አልመንሱር የተባለች የዚያው አገር ሴት በ2012 እ.ኤ.አ. «ወጅዳ» የሚል ፊልም ሠራች። በዚያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ የተከፈተው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አዘጋጅዋም በሪያድ ጎዳና ከወንዶች ጋር ቆማ ማዘዝ ስላልተቻላት በመኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ ታዝ ነበረ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ወጅዳ የተባለች ልጅ ብስክሌት ትፈልጋለች፤ ብስክሌት ለሴት ነውር ነው ይሏታል፤ ገንዘቡን ለማግኘት በቁርኣን ንባብ ውድድር ገብታ ታሸንፋለች። በሽልማቱ ምን እንደምትገዛ ስትናገር ግን ርእሰ መምህርቷ ተቆጥተው ገንዘቡን ለፍልስጥኤማውያን እርዳታ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። ብስክሌቱን በመጨረሻ የምትገዛላት እናቷ ናት።

ይህን ፊልም ያስመረጠኝ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ልጅቱ እንደ ልቧ ለመሆን ሃይማኖቷን አልጣለችም፤ እንዲያውም ያሸነፈችው በእርሱ ነው። በየመድረሳው ቁርኣን የሚቀሩ የአርጎባ ልጆች ይህን ሲያዩ ባዕድ ነገር አይሆንባቸውም። ሁለተኛ፣ ከይፋት ቆላና ከወሎ ወገን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጃገረዶች ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ ሪያድ ማለት የሰው ቤት ማእድ ቤት ነው። በዚያች ከተማ እንደ እነርሱ የምትከለከል፣ እንደ እነርሱም የምትመኝ ልጅ እንዳለች ማየት፣ ሊሄዱ ለሚያስቡትም ሆነ ሄደው ለተመለሱት፣ ብዙ ነገር ያነጋግራል። ፊልሙ በዓረብኛ ስለ ሆነ መምህሩ እያቆመ ሊተርክ ይገባዋል።

የኡጋንዳዋን የፊዮና ሙቴሲን ታሪክ የያዘውን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «የካትዌ ንግሥት» ብጨምር አይበዛም። በካምፓላ መንደር በቆሎ የምትሸጥ ልጅ በሰንጠረዥ ጨዋታ አገሯን ወክላ ትወጣለች። አዘጋጅዋ ሚራ ናይር የሕንድ ተወላጅ ናት፤ ቪዲዮ ቤታችን ለብዙ ዓመት የሕንድ ፊልም ሲያሳየን እንዲህ ያለው ሳይደርሰን ቀረ።

መምህርቷ ዝርዝሩን ከተቀበሉ በኋላ፣ «የእኛይቱስ?» አሉ። የአገሩን የራሱን ሴት ማለታቸው ነው። በዚህ ላይ ሲኒማው ባዶ ነው፤ ታሪኩ ግን ባዶ አይደለም።

የጣሊያኑ ምሁር ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አንድ የዓረብኛ ጽሑፍ ከይፋት በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት ዜና ይዘግባል። ሱልጣኔቱ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በይፋት ወላስማዎች እጅ ገባ። በዚህ ዜና ውስጥ ከሰፈሩት ስሞች በጣም ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሴት ስም ነው፤ በ1063 እ.ኤ.አ. ያረፈችው ንግሥት በዲት፣ የማያ ልጅ።

ከዚያም በኋላ የኢማም አሕመድ ጦር በ1531 እ.ኤ.አ. በአንጾኪያ ተዋግቶ ይህን አገር ያለፈበት ዘመን ሁለት ሴቶችን ያሳየናል። አንዲቱ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ ሁለተኛይቱ የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ናቸው። የእቴጌይቱ ልጅ ሚናስ በኢማሙ ወገን ተማረከ። በ1543 እ.ኤ.አ. ኢማሙ በወይና ደጋ ሲሞት ደግሞ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በንጉሡ ወገን ተያዘ። ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም ልጅ የተማረከባቸው እናቶች ናቸው፤ በብዙ ድርድር ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ ኋላ ነገሠ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው የሆነውን ያየ የይፋት ሰው ይህን ታሪክ ለልጆቹ ሲያሳይ፣ ክርስቲያንዋም ሙስሊሚቱም ከአንድ አግዳሚ ተቀምጠው የየራሳቸውን እናት በመጋረጃው ላይ ሊያዩ ይችላሉ። ከዚህ የሚበልጥ የፊልም ታሪክ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬ ግን የሠራው የለም።

የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂትም አሉ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ የተጠጋው እርሳቸውን ነው። የወርቂት ልጅ በዚያው በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበረ፤ ምኒልክን በተቀበሉ ጊዜ ንጉሡ ተቆጥተው ልጃቸውን አስገደሉባቸው። ወርቂት በእጃቸው የገባውን የሰው ልጅ አልበቀሉበትም። ስንቅና አጃቢ ሰጥተው ወደ ሸዋ ሸኙት።