ባቡር ያልደረሰባት ከተማ፦ ጎንደርና የሊማሊሞ መንገድ

የኢትዮጵያን የምድር ባቡር ታሪክ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ከሚሄድባቸው ስፍራዎች ዋነኛው የድሬዳዋ የቀድሞው ባቡር ጣቢያና ከጣቢያው ጋር የተያያዘው የጥገና ወርክሾፕ ነው። በግቢው ውስጥ ከአገልግሎት የወጡ የባቡር ራሶችና ፉርጎዎች፣ ማለትም ጭነት የሚጫንባቸውና መንገደኛ የሚሳፈርባቸው ተጎታች ክፍሎች፣ በአንድ ሜትር ስፋት በተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ በወርክሾፑም ጎማና መዘውር ሲታደስባቸው የኖሩት ቶርኖዎች፣ ማለትም ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹ ማሽኖች፣ ከነፈረንሳይኛ ጽሑፋቸው አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ስለሚያልፍ፣ ጎብኚው አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ቀን ለማነጻጸር ይችላል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የነገሥታት መናገሻና የሩቅ ንግድ ማዕከል የነበረችው ጎንደር ግን እስከ ዛሬ ሐዲድ አልደረሰባትም፤ ይህ ለምን እንደሆነ መመርመር የከተማዋን ያለፈ ዘመን ከአብያተ መንግሥቷ ባሻገር ለማየት ይረዳል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ከቆረቆሯት ጊዜ ጀምሮ ጎንደር የኖረችው በሲራራ ንግድ፣ ማለትም በአጋሰስ ተጭኖ ከአገር አገር በሚዘዋወር ንግድ፣ ጭምር ነው። አንደኛው መንገድ በጭልጋና በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ሁለተኛው በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በዐድዋ በኩል ምጽዋ ይደርስ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ወርቅና፣ ሊሸሸግ የማይገባው እውነት ነውና፣ ባሪያዎችም በእነዚህ መንገዶች ወጥተዋል፤ ጨርቅና ልዩ ልዩ የባሕር ማዶ ዕቃ ገብቶባቸዋል፤ እንደ ገንዘብም ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው በሰሜኑ በኩል መጥቷል። ቅፍለቱ፣ ማለትም ለጥበቃ ሲባል በአንድነት የሚጓዘው የነጋዴዎች ጉዞ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ያልፍ ነበር፤ በነጋዴዎቹ ላይ የተሾመው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ በአዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ ሙስሊሞች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ነው።

የባቡር ዘመን ሲመጣ ይህ ሁሉ አቅጣጫውን ለወጠ። ምጽዋ ከ1877 ዓ.ም ጀምሮ በጣሊያን እጅ ስለነበረች፣ ጎንደርም በ1880 ዓ.ም ከሱዳን በመጡት ደርቡሾች ተቃጥላ ስለነበር፣ የመንግሥቱም መናገሻ ወደ ሸዋ ስለዞረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ የተመለከተው በፈረንሳይ ይዞታ ሥር ወደነበረችው ጅቡቲ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህ ታሪክ ለጎንደር ትልቅ ትምህርት የሚሆነው የሐረር ዕጣ ነው፤ ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ ከግርጌው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ተወለደች፤ የጥንቷ የንግድ ከተማ ሐረር ደግሞ የቀድሞ ገበያዋን ለአዲሲቱ ከተማ ለቀቀች። ሐረር የሰሜኑ ደጋ ከሚጠይቀው እጅግ ባነሰ አቀበት ከተዘለለች፣ ሊማሊሞን ለመውጣት የሚደፍር ኩባንያ አለመገኘቱ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ተራራው ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም፤ ጣሊያኖች ከምጽዋ የጀመሩት ባቡር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አሥመራ በ1904 ዓ.ም ወጥቷል። ጎንደርን በእርግጥ ያራቃት ፖለቲካው ነው። በ1899 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በተዋዋሉት ስምምነት፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚያልፍ ሐዲድ የማገናኘት ምኞቷን አስመዘገበች፤ በ1918 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተለዋወጠችው ደብዳቤ ይኸው ምኞት እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ልትሠራው ከፈለገችው ግድብ ጉዳይ ጋር ተያይዞ ሲነሣ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተቃውሟቸውን አቀረቡ። እንዲህ ያለ ሐዲድ ለሰሜን ምዕራቡ አገር ከንግድ መንገድነቱ ይልቅ የወረራ መንገድነቱ ይቀድም ስለነበር፣ ተቃውሞው ትክክል ነበር።

ወራሪው ጣሊያን ግን ሐዲድ አልጠበቀም፤ በመጋቢት 1928 ዓ.ም ጎንደር የገባው ጦር በከባድ መኪና የተጫነ ነበር። የጎንደርና የአሥመራ የመኪና መንገድ በወልቀፊትና በሊማሊሞ በኩል የተቀረጸው በእነዚያ የወረራ ዓመታት ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ደባርቅ ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ በድንገት ይቆረጣል፤ መንገዱም ገደሉን እየታከከ፣ በድንጋይ ግንብ እየተደገፈ፣ በእባብ ጉዞ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ከባድ መኪና በማርሽ እያጓራ፣ ጎን ለጎን እያለፈ፣ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል የሚወጣበት ይህ መንገድ በሺህ ሜትር የሚቆጠር ከፍታ በአንድ ጉዞ ያሻግራል። ያስገኘውም ጥቅም ለሠራው ጦር ብዙ አልዘለቀም፤ የወልቀፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም ለአርበኞችና ለእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነጻ ወጣች። መንገዱ ግን ቀረ፤ ቀድሞ አጋሰስ ይሸከም የነበረውን ጨውና ጨርቅ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጭነት መኪና አመላለሰበት።

በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከወረታ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚዘልቅ መስመር የተሰየመ በመሆኑ፣ ሐዲድ አንድ ቀን በጎንደር ደጃፍ ያልፍ ይሆናል፤ የሚያልፈውም በጥንቱ የጭልጋ ሲራራ መንገድ አቅጣጫ ይሆናል። ድሬዳዋ የሐዲዷን ቅርስ ለጎብኚ የምታሳየው ፉርጎውና ቶርኖው ስላልተጣሉ ነው። በጎንደር በኩል ግን የነጋድራሶችን መዝገብ፣ የጭነት ኮርቻንና የአሞሌን ናሙና፣ የሊማሊሞን አሮጌ ግንብና የመጀመሪያዎቹን ሾፌሮች ቃል በአንድ ስፍራ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። የከተማው አስተዳደርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁሉ የሚይዝ የመንገድ ሙዚየም በደባርቅ ወይም በጎንደር ሊያቋቁሙ ይገባል፤ ሥራውም መንገዱን የሚያውቁት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።