ቤንዚን፣ ቮልስዋገንና ወሎ

ከደሴ ወደ ኩታበር የሚወጣ አሮጌ ቮልስዋገን ዳገቱ ላይ ሲንገታገትና ጥቁር ጭስ ሲተፋ ያየ ሰው በእርጅናው ይፈርዳል። እኔ ግን ጥፋቱን ከአየሩ እፈልጋለሁ። ፋብሪካው የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ የመጠነው ለዝቅተኛ ስፍራ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ የተረፈውም በጭስ ይባክናል። ስለዚህ የደጋ መካኒክ ካርቡራተሩን ይፈታል፣ ዝቃጩን ያጥባል፣ በጠባብ ቀዳዳ ይተካል። የተደፈነውን በንፋስ ያጸዳል እንጂ በሽቦ አይጎረጉርም፤ ነሐሱ ከሰፋ መኪናው ቤንዚን ይጠጣልና።

የዚያች ጠብታ ዋጋ አገር ያናወጠው በ1966 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ የዓለም ዋጋ ናረ፤ በእኛም አገር ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አደሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ቢቀንስም አመጹ አልበረደም። በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ።

ወሎ ግን ከዚያ አስቀድሞ እህል አጥቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ወደ አውራ ጎዳናው ወርደው አላፊውን መኪና ይለምኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ቢጮኹም የሰማቸው ባለሥልጣን አልነበረም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የረሃቡ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት የድሎት ምስሎች ጋር ተቀናብሮ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ያ ቀን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ መኪናዋ ትንሽነት ነው። ሮልስ ሮይስ ለለመደ ንጉሥ ቮልስዋገን! እኔን ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። የታክሲ ነጂው ብሶት እውነተኛ ነበር፤ ቤንዚን ሲወደድ የልጆቹ እንጀራ ይጎድላል። እርሱ ግን መኪናውን አቁሞ ከተማውን ማስደንገጥ ይችል ነበር፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ መለሰለት። የወሎ ገበሬ የሚያቆመው ነገር አልነበረውም። በሬው ሞቷል፣ ጎተራው ተራቁቷል። ሊያደርግ የቻለው መንገድ ዳር ወጥቶ መቀመጥ ብቻ ነበር፤ መኪኖቹም ያልፉት ነበር።