ታላቅ ያለው ተማሪ

ባለፈው ሰሞን ቃላሚኖ አንድ ቤት ለስንብት ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አውሮፓ ሊሄድ ነው። አስተማሪው ስለነበርኩ አጠገቡ አስቀመጡኝ። ቡናው ካልኣይ ላይ ሲደርስ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ዩኒቨርሲቲው የላከለትን ደብዳቤ አነበበልን። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተመድቦለታል፤ የባንግላዴሽ ልጅ ነው። ባቡር ጣቢያ መጥቶ ይቀበለዋል፣ የባንክ ሒሳብ አስከፍቶ የመኖሪያ ፈቃድ የሚወጣበትን ቢሮ ያሳየዋል፣ በየሳምንቱም ተገናኝተው ይጨዋወታሉ።

እናቱ በጥሞና ሲሰሙ ቆዩና «ሞግዚት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«አይደለም ኣደይ፣ እንደኔ ተማሪ ነው።»

«ይከፈለዋል?»

«ኧረ አይከፈለውም።»

«ታዲያ ምን አግብቶት?»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ ይሄ ነገር በእኛ አገር ምን ይባላል?» አለኝ። እኔም እንደ ሰነፍ ተማሪ ፍንጃሌን ማየት ጀመርኩ። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እኮ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከአድዋ ወይም ከተምቤን ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ዋሸራ ድረስ የሚሻገረውን የድሮ የቆሎ ተማሪ አስቡት። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ተከዜንም ዓባይንም ተሻግሮ ይደርሳል። የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ፣ የሱ አፍ መፍቻ ትግርኛ። በዛሬ ቋንቋ «ዓለም አቀፍ ተማሪ» የሚሉት እሱን ነው፤ የጎደለው ፓስፖርት ብቻ ነው። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው እልፍ ነው። ስለዚህ መምህሩ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት የሚያገኘው ከሱ ቀድሞ የገባውን ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ጎጆው ውስጥ ቦታ ይለቅለታል። የትኛው መንደር ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ እመቤት እንደማትጨክን፣ በስንት ሰዓት ቢወጡ እንጀራ እንደሚገኝ ይነግረዋል። ማታ ደግሞ የቀኑን ትምህርት አብረው ይቀጽላሉ። ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቹን ቅኔ እየሰሙ ያርማሉ። ለዚህ ሁሉ ደሞዝ የለም። ዕዳው ለታላቁ አይመለስም፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው ታናሽ ነው የሚከፈለው። «ምን አግብቶት?» ላሉት እናት መልሱ ይኸው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ዘግይቶ መጣልኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው በባዶ ሜዳ አይደለም። እኔ ራሴ ታላቅ የሌለው ተማሪ ምን እንደሚሆን ቀምሼዋለሁ። በ1990ዎቹ ውስጥ ለትምህርት አውሮፓ የገባሁት ቅዳሜ ማታ ነበር። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። ሰኞ ትምህርት ክፍሉ ካርታ ሰጠኝና በዚያው ተሰናበተኝ። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ክፍል ውስጥ አንገቴን አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። በኛ ቤት ይህ ለመምህር የሚሰጥ አክብሮት ነው። ያወጣኝ በማደሪያው ወጥ ቤት ያገኘሁት የሦስተኛ ዓመት ኡጋንዳዊ ተማሪ ነው። ሩዙን እያማሰለ «ዝም ስትል አከበርኳቸው ብለሃል አይደል?» አለኝ። «እነሱ እኮ አላነበበም ነው የሚሉህ። ፕሮፌሰሩን በስሙ ጥራው። አልስማማም በለው። አይቆጣም።» የሰባ ዓመት ሽማግሌ በስሙ መጥራት! ምላሴ እስኪታዘዝልኝ አንድ ወር ፈጀ። ግን ያን ዓመት ያለፍኩት በሱ ምክር ነው። ከኔ ጋር የወጣ አንድ ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ደርሶት ነበር። ከኔ በጣም የተሻለ ጭንቅላት ነበረው። እንዲህ የሚለው ሰው ግን አላገኘም፤ በሁለተኛው ክረምት «አመመኝ» ብሎ ተመለሰ። ስለዚያ ጊዜ ዛሬም አያወራም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች አክራ ላይ ተሰበሰቡ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ለ200 አፍሪካውያን ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች አራት ኪሎ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮም በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ነው። አብዛኞቹ የመጡት ገና በቅኝ ግዛት ካለ አገር ነው፤ ኬንያ እንኳ ነፃነቷን ያገኘችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ ሦስት ሺህ ዘመን፣ አድዋ፣ ምኑ ቅጡ። ታላቅ መሆን የሚገባን እኛ ነበርን።

የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። እንግዶቹ በየአገራቸው ፓርቲና የነፃነት ትግል ሲካሄድ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ የተሰማቸውን ይናገራሉ። ነፃ አገር መጥተው ተማሪው ስለ መንግሥት ሲያወራ ግራና ቀኝ ማየቱ አስገረማቸው። ጥያቄውም ቀላል ነበር፤ ነፃ ከሆናችሁ ለምን አትናገሩም? ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ለተማሪው ንቅናቄ መነቃቃት ምክንያት ከሚሏቸው ነገሮች አንዱ የእነዚህ ልጆች መምጣት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የዚያ ሙከራ ጭንቅላት የሚባለው ገርማሜ ንዋይም ውጭ የተማረ ነው፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የጻፈው ነጮች በኬንያ ስለመስፈራቸው ነበር። ንቅናቄው ኋላ የት እንዳደረሰን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ያን ሁሉ በእንግዶቹ ላይ መጫን ግን ግፍ ይሆናል። እኔ የምለው፣ ማደሪያ የሚጋራ ተማሪ የሚነግርህን ነገር መምህርም መንግሥትም አይነግርህም። ጃንሆይ እንግዶቹን ያስመጡት ከእኛ እንዲማሩ ነበር። አልጋ ለአልጋ ሲተኙ ማን ማንን እንደሚያስተምር ግን የሚወስን አዋጅ የለም።

አሁን ያፈርኩበትን ልናገር። ከውጭ ተመልሼ በማስተምርበት አንድ ተቋም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ከጎረቤት አገር አንድ ተማሪ መጣልን። እንግዳ ተቀባይነታችን አይታማም፤ በየበዓሉ ጠራነው፣ ቤቴ ዶሮ በልቷል፣ ሱዋም ጠጥቷል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ግን ምዝገባው እንዳልተሟላ ታወቀ። አንድ ወረቀት ከአንድ ቢሮ ማኅተም ያስፈልገው ኖሯል። ቢሮው የት እንደሆነ ቀርቶ መኖሩንም የነገረው የለም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሻንጣውን ይዞ ሄደ። በዚያው ኮሪደር አሥር ያህል የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንዱን ጠርቼ «ይህን ልጅ ያዝ» ማለት አላሰብኩም። ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ እያማሰለ ያዳነኝን ሰው ረስቼ!

መቀሌ ይህ አይጠፋትም ነበር። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አንዱ መነሻ የሆነው የደረቅ መሬት ግብርና ኮሌጅ ራሱ ስደተኛ ነው፤ አስመራ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ምክንያት ወደ አጋርፋ ተዛውሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በ42 ተማሪዎች እዚህ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ከደቡብም ከምዕራብም የተመደበው ተማሪ መናኸሪያ ሲወርድ ነባር ተማሪዎች ሻንጣ ሲቀበሉት አይቻለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ይህንንም በትኖት ነበር።

በማግስቱ ልጁን ለመሸኘት ወደ ቃላሚኖ ተመለስኩ። ስለ አስነጋሪው ለእናቱ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጊዜም አልሰጡኝ። ከሻንጣው አጠገብ ሁለት ቋጠሮ አስቀምጠዋል። አንዱ የልጃቸው ጥሕኒ ነው። ሌላውን እያሰሩ ቀና ብለው «የዚያ ልጅ አገር ሰው ገብስ ይበላል?» አሉኝ።